የሸጋ ሞተር ክዳን የተፈታ ዕለት

ኑ ልጆቼ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ያቺን በርጩማ ለወንድምሽ ስጪውና አንቺ ከእኔ ጋር ምንጣፉ ላይ ሁኚ። በሩን ገርበብ አድርጉት፤ የመቀሌ ነፋስ አቧራውን ይዞ ካልገባሁ ይላል። እንግዲህ እኔ እንደ እናንተ ብዙ አልተማርኩም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩት። መኪና ግን አውቃለሁ። ኧረ ዋሸሁ፣ አንዲት መኪና ነው የማውቀው። ከእሷም ውስጥ አንድ ክዳን። ከሞተሩ ፊት ለፊት የሚገጠም፣ ከበስተኋላው ሰንሰለት የሚዞርበት፣ ትንሽ ትሪ የሚያህል የብረት ክዳን። ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። "እኔ ባልኖር አይፈታም ነበር" እያልኩም ስንት ዓመት ጉራዬን ስነዛ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ሰማንያ አምስት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበርን። በቀኝ እኛ፣ በግራ አያ ገብረዝጊና ሚስቱ ኣሰለፈች። አባቴ አብዱልወዱድ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ በጎረምሳነቱ ለንግድ መጥቶ መቀሌ ላይ ቀረ። "ሸጋ" ብሎ የሚጠራት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ በእሷ ከመቀሌ ውቅሮ ዕቃ ያመላልሳል። አያ ገብረዝጊ ደግሞ ሰሜን በኩል ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። አባቴ ሸጋን ያሳምማል፣ አያ ገብረዝጊ ሸጋን ያድናል። አመሻሽ ላይ ደጃፍ ተቀምጠው በእሷ ነገር ሲከራከሩ ግቢያችን ይሞቅ ነበር።

ከዚያ የአያ ገብረዝጊ እህት፣ ዮሃና ተዳረች።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አገር ክርስቲያኑ ሲደግስ ለእስላም ወዳጁ በግ ለብቻ ያስቀራል። እስላሙ ራሱ መጥቶ ያርዳል፣ ወጡም በእስላም ቤት ድስት ይሠራል። በእኛ ግቢ ይሄ የአባቴ ቢላዋና የእናቴ ድስት ሥራ ነበር፤ ተሳስቶ አያውቅም። ለሰርጉ ደግሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም አብዱልጀሊል ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከኮምቦልቻ መጥቷል። አባቴ ነው የጠራቸው። "ኑና ሰው ምን ያህል እንደሚያከብረኝ እዩ" ብሎ።

እናቴ ሁሪያ ትልቁን ድስት አጥባ ደጃፍ ላይ ደፍታ ጠበቀች። የጠራት የለም። አባቴ ቢላዋውን ስሎ ጠበቀ። የጠራው የለም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ዳስ ውስጥ አስቀመጡንና ለእኛ ወገን ሽሮ መጣ። እኔ ሽሮ ነፍሴ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። አባቴ አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ጠራረገ። ጠግቦ መሰለኝ። አጎቴ አብዱልጀሊል ሳህኑን እያየ፣

"ይቺ ናት አገርህ፣ አብዱልወዱድ?" አለው።

ስለ ከተማው የጠየቀው መሰለኝና "አዎ፣ መቀሌ ትባላለች" ብዬ መለስኩለት። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ።

በሁለት ሳምንቱ ቤታችን ይታሰር ጀመር። እናቴን የት ነው የምንሄደው ስላት፣ "ኮምቦልቻ" አለችኝ። በደስታ ዘለልኩ! ኮምቦልቻን በወሬ ብቻ ነው የማውቃት፤ ዘይቱን እንደ እንጀራ የሚበላባት አገር ናት ብሎኛል አባቴ፤ ፍሬውን፣ ዘይቱናውን ማለቱ ነው። አልጋው ተፈታ፣ ፍራሹ ተጠቀለለ፣ ቁም ሳጥኑ ሸጋ ላይ ወጣ። አልጋና ቁም ሳጥን ይዞ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ይኖር እንደሆን እንኳ አላሰብኩም። ሀብታሞች የሆንን መሰለኝ። እናቴ በርበሬውን በከረጢት ስትቋጥር ታለቅስ ነበር። በርበሬው ነው አልኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ ከእኔ በቀር ግቢው ውስጥ ያላወቀ ሰው አልነበረም። አባቴ ላይመለስ ነበር የሚጭነው።

ታዲያ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሸጋ ታመመች። አባቴ ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ከግንቡ ሥር ሊያስጠጋት ሲያንቀሳቅሳት፣ ከሞተሯ ውስጥ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንጡ ዓይነት ድምፅ ወጣና ቀጥ አለች። አፍንጫዋ ወደ ድንጋዩ አጥር። በአፍንጫዋና በአጥሩ መካከል አንድ ክንድ ብትቀር ነው። ግቢያችን ወደ አጥሩ ያዘቀዝቃል፤ ሙሉ ቤት ተሸክማ ወደ ኋላ ማን ይገፋታል?

"ዕቃውን እናውርደውና እንግፋት" አለች እናቴ።

"የጫንኩትን አላወርድም!" አለ አባቴ። "ወላሂ አላወርድም! ሰው ምን ይለኛል? መካኒክ ጥሪ፣ እዚያው ቆማ ይሥራት።"

ከገበያው እስከ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ድረስ ስንት መካኒክ ነበር። እናቴ ግን የግቢውን በር እንኳ አላለፈችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አሥር እርምጃ ተራምዳ፣ የግራውን በር አንኳኳች። ሰነፍ ሆነች ብዬ ታዝቤአታለሁ። እናቴን ሰነፍ ያልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አያ ገብረዝጊ የቁልፍ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። አባቴን ሳያይ ሸጋን በዓይኑ ዞራት። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ እናቴን "አስነሺያት እስቲ" አላት፤ ቁልፉን አዞረች፣ ሸጋ ጠጠሯን አንድ ጊዜ ናጠችና ዝም።

"ሰንሰለቱ ላልቷል" አለ ለእናቴ። "አዲስ ሰንሰለት አለኝ፣ ከአሥመራ ያስመጣሁት። ግን የፊቱ ክዳን መፈታት አለበት። እዚህ ጠባብ ላይ ብቻዬን አልችልም። የላዩን ብሎን እኔ እፈታለሁ፤ የታቹ ከሥር ካልሆነ አይደረስበትም።"

አባቴ ማዳበሪያ አነጠፈና በጀርባው ተንሸራቶ ሸጋ ሥር ገባ።

አያ ገብረዝጊ ራዲያተሩን አወረደ፣ ማራገቢያውን አወለቀ፣ ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ በአጥሩና በመኪናዋ መሃል ተሰነቀረ። ቀጭን ሰው ስለነበር ነው የገባ። ጀርባው ድንጋዩ ላይ፣ ደረቱ ሞተሩ ላይ። ካርቶን ቁራጭ ላይ የክዳኑን ቅርፅ ከሐሳቡ በእርሳስ ሳለና ብሎን ባለበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አበጅቶ ሰጠኝ።

"ይሄ ካርቶን የሞተሯ ካርታ ነው፣ ጓለይ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "ብሎኖቹ አጭርም ረጅምም አሉ። ከላይ ግራ የወጣውን ከላይ ግራ ትሰኪያለሽ። ረጅሙ ካጭሩ ቦታ ከገባ ሞተር ይሰነጠቃል። ገባሽ?"

ገባኝ። ያን ጊዜ ሚኒስትር የተሾምኩ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው መልእክት መጣ። "ረምላ፣ አባትሽን በይው፣ እግሩን ይሰብስብ። የግመል እግር ይመስል ግቢውን ሞላው።"

ግራ ገባኝ። አባቴ ከአያ ገብረዝጊ ጫማ ሥር ነው ያለው፤ ቢተፋ ይደርስበታል። ለምን ራሱ አይነግረውም? ጥቂት አሰብኩና ደረስኩበት፦ የመካኒኮች ሕግ ነው! ላይ ያለ ሰው ታች ላለ ሰው ቀጥታ አይናገርም። በመሃላቸው ሰው ይቆማል። ትልቅ ሥራ ሁሉ እንደዚህ ነዋ፤ ትምህርት ቤትም ርእሰ መምህሩ እኛን የሚያናግረን በአለቃ በኩል ነበር።

ችግሩ፣ እናቴ የሰው ክፉ ቃል ተቀብሎ ማድረስ ነውር ነው ብላ አሳድጋኛለች። ስለዚህ ጎንበስ አልኩና፣

"አባ፣ አያ ገብረዝጊ እግርህ እንዳይጎዳ ትንሽ ሰብሰብ አርገው አለህ" አልኩት።

ከሥር፣ "በይው፣ እግሬን የምዘረጋበት አገር አላጣሁም። ነገ ግቢውን እለቅለታለሁ፣ ይንደላቀቅበት።"

"አያ ገብረዝጊ፣ አባቴ 'እሺ፣ አንቱ እንዳሉ' ብሏል።"

"አንቱ አለኝ?"

"አዎ።"

"አብዱልወዱድ? እኔን?"

"አዎ፣ 'አንቱ' ነው ያለው።"

አያ ገብረዝጊን ሳል ያዘው። ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ከሥር አባቴንም ሳል ያዘው። አቧራው ነው ብዬ ውኃ አመጣሁላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ቶሎ ቶሎ ያስላቸው ነበር፤ የሳሉት በአቧራ እንዳልሆነ፣ ሳቅ እንደነበር ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ብሎኖቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ ካርቶኔ መጡ። ከላይ አምስት፣ ከሥር አራት። "በይው፣ ያ ቁልፍ የሱ አይደለም፣ አሥራ ሦስቱን ይጠቀም፣ እንደ ሸክላ ሠሪ አይደብድበው" ሲል፣ እኔ "አባ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ይሻልሃል፣ እጅህ ደክሞት ይሆናል" እላለሁ። "በይው፣ መካኒክ ብሎ ዝም! እኔ አንድ ብሎን ስፈታ እሱ ሦስት ስብከት ሰበከ" ሲል፣ "አያ ገብረዝጊ፣ አባቴ ምክርዎ ብዙ ነው አለ" እላለሁ።

መከራው ከታች ያለው ትልቁ ብሎን ላይ መጣ። የቺንጋው መዘውር፣ ያ ሞተሩ ፊት የሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ በእሱ ነው የታሰረው፤ እሱ ሳይወጣ ክዳኑ አይላቀቅም። አያ ገብረዝጊ ከላይ በብረት ጠምዶ መያዝ፣ አባቴ ከሥር መሳብ አለበት፤ እኩል፣ በአንድ ጊዜ።

"በይው፣ ሦስት ስል ይሳብ። አንድ።"

"አባ፣ ሦስት ሲል ሳብ። አንድ።"

"ሁለት።"

"አባ፣ ሁለት።"

"ሦስት!" አለና አያ ገብረዝጊ ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመደ። ከሥር ምንም የለም። አባቴ የኔን ሦስት እየጠበቀ ነው። "አባ፣ ሦስት" ስለው ደግሞ ሳበ፤ ያኔ አያ ገብረዝጊ ደክሞት ለቆ ነበር። ቁልፉ ሸርተት አለና አባቴ እጁን ላጠው።

"ያ ራብ! በይው፣ መቁጠር አያውቅም!"

"እዋእ! በይው፣ እሱ መስማት አያውቅም!"

"አባ፣ አያ ገብረዝጊ አይዞህ አለህ። አያ ገብረዝጊ፣ አባቴም አይዞዎት አለዎት።"

ሦስት ጊዜ ሞከርን። በሦስተኛው እኔ ብልጥ ሆንኩና አያ ገብረዝጊ "ሁለት" ሲል እኔ "ሦስት" አልኩ። ብሎኑ ጮኸና ዞረ። አሁንም ስናገር ደረቴ ይነፋል።

ብሎኖቹ አሥር ሆኑ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አሥራ አንድ። ክዳኑን በእንጨት ቢመቱት ይነቃነቃል እንጂ አይወጣም። አንድ ብሎን ተደብቆብናል። አያ ገብረዝጊ የኣሰለፈችን ትንሽ መስታወት አስመጥቶ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ በቅባት ተሸፍኖ ከኋላ ተወሽቋል። እሱ ያየዋል፤ እጁ አይደርስም። የአባቴ ጣት ይደርሳል፤ አባቴ አያየውም።

በዚህ መሃል አዛን ተሰማ።

አያ ገብረዝጊ ሁለት እጁን ክዳኑ ሥር አስገብቶ ደግፎ ይዞት ነበር፤ ከለቀቀው ክብደቱ ያቺን አንዲት ብሎን ያጣምማታል። "በይው፣ አዛን ብሏል። ይስገድ። እኔ ይዤ እቆያለሁ" አለ።

ይሄን ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። አባቴ ወጣ፣ ውዱእ አደረገ፣ ሰገደ። አያ ገብረዝጊ ያን ሁሉ ጊዜ ከድንጋዩና ከብረቱ መሃል ሳይነቃነቅ ቆመ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ተሰንቅሮ መውጣት ያቃተው መስሎኝ ለኣሰለፈች ልነግር ነበር።

አባቴ ተመልሶ ሸጋ ሥር ገባ። ጣቱን ሽቅብ ሰደደና ቅባቱን ይዳስስ ጀመር። አያ ገብረዝጊ ከአጥሩ ድንጋይ መሃል የሰካውን መስታወት ያያል፤ ግራ ቀኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ረምላ ጓለይ፣ በይው…" አለና ቆመ። "በይው፣ በጉ ተገዝቶ ነበር።"

"የቱ በግ?"

"በይው፣ ከሌሎቹ ለይቼ ጓሮ አስሬው ነበር፤ ላቱ ይሄን የሚያህል። ጠዋት አባትሽን ልጠራ ስወጣ፣ የሙሽራው አጎት ደርሶ 'ይሄስ ለምን ቀረ' ብሎ ከሌሎቹ ጋር በስመ አብ ብሎ አርዶታል። አላወቀም። የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ሊረዳኝ ብሎ ነው። ቆዳው ወጥቶ ነው የደረስኩ። ሌላ በግ እንዳልገዛ የገበያ ቀን አልነበረም። ከዚያ አንዱ 'ዝም ብለህ አቅርብላቸው፣ ማን ያውቃል?' አለኝ።"

አፉን በትከሻው ጠረገ።

"ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። እያወቅኩ ለአብዱልወዱድ? ለታላቅ ወንድሙ? ሽሮ አቅርቤ ይርገሙኝ አልኩ። አዲስ ዘመድን ደግሞ በሰርጉ ቀን ሰው ፊት ማዋረድ አልቻልኩም። ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ አፌን መክፈቻው ጠፋኝ። በይው።"

ይሄን ሁሉ እንዴት አድርጌ ልያዘው? ረጅም ነው፤ ደግሞም ስለ ብሎን አንድም ነገር የለበትም። የአንዱን ቤት ነገር ለሌላው ቤት ማመላለስ ደግሞ እናቴ ዘንድ በአለንጋ የሚያስገርፍ ነው። ስለዚህ ካርቶኔን አቅፌ፣

"አያ ገብረዝጊ፣ ይሄ የሥራ ነገር አይደለም። እኔ ይሄን አላደርስም" አልኩት።

"ሓቅኺ" አለ። "ልክ ነሽ። ተይው በቃ።"

ከሥር የአባቴ ጣት ቅባቱን መዳሰስ አቁሟል። ከዚያ ሸጋ ሥር፣

"አንተ ገብረዝጊ!" የሚል ድምፅ ፈነዳ። "አንተ ደነዝ! ይሄን ነገር እንደ ብሎን ቆልፈህ ሁለት ሳምንት ሙሉ? ለእኔ? ቤቴን አስፈርሰህ?"

ደነገጥኩ። አባቴ ሕጉን ጣሰ! ደግሞ እኔ ሳልነግረው!

"አያ ገብረዝጊ፣ ወላሂ እኔ አልነገርኩትም!" ብዬ ጮህኩ። "ወላሂ! አንድ ቃል አልተናገርኩም! ከየት እንደሰማው አላውቅም!"

መጀመሪያ ሸጋ ሥር ነው የጀመረው። ሳል አልነበረም። አባቴ እግሩን መሬት ላይ እያማታ ሳቀ። አያ ገብረዝጊ ራሱን ሞተሩ ላይ ደፍቶ፣ እጁ ክዳኑን እንደያዘ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "አልነገረችህም?" ይላል። "አልነገረችኝም! መሃላዋን አልሰማህም?" ይላል ያኛው። በልጅ የሚያሾፉ ሽማግሌዎች መሰሉኝና ተናደድኩ።

"ግራ በል፣ ትንሽ ግራ… አለፍካት፣ ተመለስ" አለ አያ ገብረዝጊ እንባውን በክንዱ እያበሰ።

"ይቺ ናት?"

"ወደ ላይ። እሷው። ቀስ፣ አትደብድባት።"

"ዝም በል አንተ፣ ጣቴ ናት የምታውቀው።"

ያን ሁሉ ጊዜ ያስለቀሰን ብሎን እኔ ውኃ ቀድቼ እስክመለስ ወጥታ አሥራ አንደኛዋ ቀዳዳ ውስጥ ተሰካች። ክዳኑ ተላቀቀ። ከውስጡ የተጠራቀመ ጥቁር ዘይት ተንዶ የአባቴ ጢም ላይ ፈሰሰ።

"አቃጠልከኝ!"

"ሽበት ጀምሮህ ነበር፣ ቀለም ይሁንህ፣ አንቱ" አለው አያ ገብረዝጊ።

ሰንሰለቱ ተቀየረ፤ ብሎኖቹ በካርቶኔ ካርታ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ፀሐይ ሳትገባ ሸጋ እንደ ሙሽራ ዕልል ብላ ተነሳች። እኔ ሮጬ ጫማዬን አደረግኩና የፊቱ ወንበር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ኮምቦልቻ! እጄን በመስኮት አውጥቼ ለኣሰለፈች ማወዛወዝ ጀመርኩ።

አባቴ ወደ መሪው አልመጣም። ወደ ኋላ ዞረና የጭነቱን ገመድ ጫፍ ያዘ። ማሰሪያውን ማጥበቁ ነው ስል ገመዱ ረገበ። ቁም ሳጥኑ ወረደ። ፍራሹ ወረደ።

"አባ! ምን እያደረክ ነው? ኮምቦልቻስ?"

"ቀርቷል፣ የኔ ዓለም።"

ልጆቼ፣ ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ኋላ ሰው ሞቶብኝም አላለቀስኩም። እናቴ ትስቃለች፣ ኣሰለፈች ትስቃለች፣ ያ ጢሙ የጠቆረ አባቴ ይስቃል፤ እኔ ብቻ በራችን ላይ ተጋድሜ "ዕቃ አይገባም!" እላለሁ። አያ ገብረዝጊ የአልጋችንን ራስጌ ተሸክሞ መጣና ከበላዬ ቆመ። ሽርሽሬን ያስቀረብኝ እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ከጠዋት ጀምሮ የሚያለሰልሰው ለካ ለዚህ ነው!

"አሳልፊኝ እንጂ፣ ጓለይ። ከብዶኛል።"

"አንተን አላናግርም!" አልኩት።

በእግሩ በጥንቃቄ ተሻግሮኝ ገባ። አንድ ወር ሙሉ አላናገርኩትም። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ "ከመይ ሓዲርኪ፣ ረምላ?" ይለኛል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። እሱ ግን አንድም ቀን ሰላምታውን አላስቀረብኝም።

አባቴ ለአጎቴ ለአብዱልጀሊል ደብዳቤ ያስጻፈው በእኔ ነው። የበጉን ነገር ከነዝርዝሩ ካስጻፈኝ በኋላ መጨረሻው ላይ "እኔ እዚሁ አገሬ ነኝ" በይ አለኝ። ጻፍኩ። ፊደሌ ጠማማ ነበር፣ ነገሩም ገና አልገባኝም ነበር። እየጻፍኩ እንኳ በልቤ ስለ ሽርሽሬ ነበር የምቆጨው።

አያ ገብረዝጊ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱና ኣሰለፈች ልጅ አልወለዱም፤ ታሪኩን የሚያወራለት የለውም። እኔም ስለዚያ ክዳን ባወራሁ ቁጥር የራሴ ጉራ እየቀደመኝ እሱን እረሳው ነበር። እናንተ ግን፣ ትንሽ ቦታ ካላችሁ ልባችሁ ውስጥ፣ ያንን ሽሮ ያቀረበውን ሰው ያዙልኝ። ገብረዝጊ ነው ስሙ። አደራ፣ አትርሱብኝ።